የሁለት ሳምንት ክፍተት፦ ጠባብ የላይ መንጋጋን የማስፋት ሕክምና ታሪክ



 በቅድሚያ አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በእጄ የያዝሁት ይህ ትንሽ ብረት አራት እግርና መካከሉ ላይ አንዲት ብሎን አለው። ከመኪና ጋር የሚውል ሰው ቢያየው ዘመዱን ወዲያው ይለየዋል፤ ክሪክ ነው። ክሪክ መኪናን ከመሬት ያነሣል፣ ይህኛው ደግሞ የሕፃንን ላንቃ ግራና ቀኝ ይገፋል። ብዙ ጊዜ ወላጆች ይህን ዕቃ ሲያዩ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው፣ «ዶክተር፣ እንዲያው አጥንቷን ልትሰነጥቋት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ የሙያው ሊቃውንት ለመቶ ዓመት ያህል የተከራከሩበት ጥያቄ ራሱ ነው። የዛሬው ንግግሬም የዚያ ክርክር ታሪክ ነው።

ለማያውቁት ስለ አካሉ አወቃቀር ጥቂት ልበል። ምላሳችሁን ወደ ላንቃችሁ ብታነሡ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ቀጭን ሸንተረር ይነካችኋል። ከሸንተረሩ በላይ የሁለት አጥንቶች መገናኛ አለ። የላይ መንጋጋችን እንደ ታችኛው አንድ ወጥ አጥንት አይደለም፤ የግራና የቀኝ ሁለት አጥንቶች በመካከል ተጋጥመው የሠሩት ነው። መገናኛውን የአካል ጥናት ባለሙያዎች ስፌት ይሉታል። በሕፃንነት ስፌቱ ልል ነው፤ በዕድሜ እየጠበቀ፣ ጥርስ በጥርስ እንደ ተያያዘ ዚፕ እየተቆላለፈ ይሄዳል። የላይ መንጋጋ ሲጠብ የላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ከታችኞቹ ወደ ውስጥ ይነክሳሉ፤ ይህን ባለሙያዎች ክሮስባይት ይሉታል። ሕፃኑ ጥርሶቹ እንዲገጥሙለት የታችኛውን መንጋጋ ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ይነክሳል፤ ሳይታረም ቢያድግ ፊቱ ወደዚያው ሊያደላ ይችላል። ለላንቃ መጥበብ የዘር ውርስም፣ ጣት የመጥባት ልማድም ድርሻ አላቸው። በአፍ የመተንፈስ ድርሻ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ጥርስን በመግፋት የጥርስን ረድፍ ማስፋት የቆየ ሐሳብ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ የብረት ቅጠል በክር ከጥርሶች ጋር እያሰረ ጥርሶቹን ወደ ውጭ እንደሚስብ ገልጿል። ይሁን እንጂ ጥርስን ማዘንበል አንድ ነገር ነው፤ ጥርሱ የቆመበትን አጥንት መክፈት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን አድርጌዋለሁ ብሎ በይፋ የጻፈው የመጀመሪያው ሰው የሳን ፍራንሲስኮው የጥርስ ሐኪም ኤመርሰን አንጄል ነው። ዘመኑ 1860 ነበር።

አንጄል ያከማት ልጅ የ14 ዓመት ተኩል ልጃገረድ ነበረች። የላይኞቹ ክራንቻዎቿ የሚበቅሉበት ቦታ አጥተዋል። የዘመኑ ቀላል መፍትሔ ጥርስ ነቅሎ ቦታ መስጠት ነበር፤ አንጄል ግን መንቀል አልፈለገም። በላንቃዋ አግድም፣ በቀኝና በግራ ጥርሶች መካከል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከር ጥርስ ያለው ብሎን አስገባ። ከዚያም ቁልፉን ለራሷ ለልጅቱ ሰጥቶ መሣሪያውን ሁልጊዜ አጥብቃ እንድታቆየው አዘዛት። በሁለት ሳምንት ውስጥ በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መካከል ክፍተት ታየ። እነዚያን ሁለት ጥርሶች የነካቸው መሣሪያ አልነበረም። አንጄል ከዚህ ተነሥቶ የላይ መንጋጋ አጥንቶች ተለያይተዋል ብሎ ደመደመ።

ጽሑፉ «ዴንታል ኮስሞስ» በተባለው መጽሔት ሲወጣ የመጽሔቱ አዘጋጅ ጄ. ኤች. ማክኩዊለን ጥርጣሬውን አብሮ አተመው። ምክንያቱ የአካል አወቃቀር ነበር፤ የላይ መንጋጋ ከፊትና ከራስ ቅል ብዙ አጥንቶች ጋር የተጋጠመ ስለሆነ አንዲት ትንሽ ብሎን ልትለያየው መቻሏ እጅግ አጠራጣሪ ነው የሚል። ይህን ታሪክ የሚተርኩ መምህራን ብዙ ጊዜ አዘጋጁን እንደ ደንቆሮ፣ አንጄልን እንደ ሰማዕት አድርገው ያቀርባሉ። እኔ እንዲህ ለማለት አልደፍርም። በ1860 በሕይወት ያለን ሰው አጥንት ማየት የሚያስችል መንገድ አልነበረም፤ ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በ1895 ነው። አንጄል በእጁ ያለው ማስረጃ አንድ በሽተኛና አንድ ክፍተት ብቻ ነው። ማክኩዊለን በበኩሉ የሚያውቀውን የአካል ጥናት ይዞ ጠየቀ። እንደምናየው፣ መደምደሚያው ቢሳሳትም የጠቀሰው ምክንያት ከመቶ ዓመት በኋላ በመለኪያ ተረጋግጧል።

ከዚያ በኋላ ሐሳቡ እንደ ክረምት ወንዝ አንዴ ሲሞላ አንዴ ሲጎድል ቆየ። በ1881 በለንደን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ ዋልተር ኮፊን አባቱ የጀመረውን መሣሪያ አቀረበ፤ በጎማ ሰሌዳ ላይ የተተከለ፣ በፒያኖ ሽቦ የተሠራ፣ የላቲኑን «ደብልዩ» ፊደል የመሰለ ጸደይ ነው። ኃይሉ ለስላሳ፣ አካሄዱ ዝግ ያለ ነበር። የዚህ ሽቦ ዘር እስከ ዛሬ በሕፃናት አፍ ውስጥ አለ። በ1893 ደግሞ ጎዳርድ የተባለ አሜሪካዊ የላይ መንጋጋን በመካከሉ ስለ መለየት ጻፈ፤ አንጄል ብቻውን እንዳልነበረ ይህ ያሳያል። ሃያኛው መቶ ዓመት ሲገባ የአፍንጫ ሐኪሞችም ወደ ክርክሩ ገቡ። የላንቃ ጣራ የአፍንጫ ወለል ስለሆነ ላንቃው ሲሰፋ አፍንጫው ይሰፋል፣ ሕፃኑም በአፍንጫው ይተነፍሳል የሚል ተስፋ አደረባቸው። ከመካከላቸው ግን የሚስማሙም የማይስማሙም ነበሩ።

እዚህ ላይ ስም የሚያምታታ ሌላ ሰው ይመጣል። ኤድዋርድ አንግል ይባላል፤ ከአንጄል ጋር ዝምድና እንዳትፈጥሩለት። አንግል በ1900 በሴንት ሉዊስ የኦርቶዶንቲክስ ትምህርት ቤት ከፍቶ ሙያውን ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ ያደረገ ሰው ነው። (ተማሪዎች «ኦርቶዶንቲክስ» ሲሉ አንዳንዴ «ኦርቶዶክስ» ብለው ያስቁናል፤ ስሕተቱ ግን ሥር አለው፤ ሁለቱም ቀጥ ያለ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጡ ናቸው።) አንግል እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው የሰጠው ጥርስ ሁሉ በቦታው ሊኖር ይገባል ብሎ ያምን ነበር፤ በዚህ ረገድ ለአንጄል ቅርብ ነው። ነገር ግን ስፌት መክፈት አላስፈለገውም። ጥርሶቹ በሽቦ ወደ ትክክለኛ ቦታቸው ከተገፉና በትክክል ካኘኩ አጥንቱ ራሱ ተከትሎ ያድጋል ብሎ ያስተምር ነበር። አጥንት ለሚሸከመው ጭነት ራሱን ያስተካክላል የሚለው የዘመኑ ሳይንስ ለዚህ ትምህርት ድጋፍ ሆነው። ስለዚህም በአሜሪካ የአንጄል ብሎን ተሸንፎ ሳይሆን አያስፈልግም ተብሎ ተተወ። በእኔ ግምት ሐሳብን የሚያጠፋው ተቃውሞ ሳይሆን ይህ ዓይነቱ ቸልታ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ካልቪን ኬዝ በ1911 ለአንዳንድ በሽተኞች ጥርስ መንቀል ተገቢ ነው ብሎ ከአንግል ተከታዮች ጋር በአደባባይ ተከራከረ፤ በጊዜው ተረታ። የአንግል ደቀ መዝሙር የነበረው ቻርልስ ትዊድ ግን ሳይነቅል ያከማቸው በሽተኞች ጥርስ ተመልሶ ሲጣመም አየ። መቶ ያህሉን መልሶ ጠርቶ፣ በዚህኛው ጊዜ ጥርስ ነቅሎ አከማቸውና ውጤቱን በ1940 ለባልደረቦቹ አቀረበ። የራሱን ስሕተት በአደባባይ ዘርግቶ ያሳየ ሐኪም በዘመኔ ብዙ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ኦርቶዶንቲክስ ወደ መንቀል አዘነበለ። ማስፋት የሚለው ቃል ራሱ የሚያሳፍር ሆነ።

በአውሮፓ ግን ብሎኑ አልሞተም ነበር። በቪየና ማርቲን ሽዋርዝ በመካከሉ ብሎን ያለውን ተነቃይ ሰሌዳ አስፋፋ፤ በቦን ጉስታፍ ኮርክሃውስ ስፌት በመክፈት ያከማቸውን በሽተኞች ውጤት ሰብስቦ ነበር። በ1950ዎቹ ኮርክሃውስ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲን ሲጎበኝ ይህን ውጤት አሳየ። ካዩት መካከል አንድሪው ሃስ ይገኝበታል። ሃስ በአሳማዎች ላይ ሙከራ አካሄደ፤ ስፌቱ በቀላሉ እንደሚከፈትና በአዲስ አጥንት እንደሚሞላ አየ። ከዚያ ወደ በሽተኞች ተሻገረና በ1961 ጽሑፉን አሳተመ። በዚህ ጊዜ ኤክስሬይ አለ። በፊልሙ ላይ በላንቃው መካከል ጥቁር ሦስት ማዕዘን ይታያል፤ ስፋቱ በፊት በኩል፣ ጥበቱ በኋላ በኩል። በፊት ጥርሶች መካከልም ያው የ1860ው ክፍተት አለ። ሃስ የጨመረው አንድ ነገር አለ፤ ክፍተቱ ጥቂት ቆይቶ ማንም ሳይነካው በራሱ ይዘጋል፣ በድድ ውስጥ ያሉት ጅማቶች ሁለቱን ጥርሶች መልሰው ስለሚስቧቸው። ዛሬ ለእናቶች ይህን አስቀድመን እንነግራቸዋለን፤ ካልነገርናቸው የልጃቸው ጥርስ በተራራቀ በሦስተኛው ቀን በስልክ ሰላም አይሰጡንም።

በ1964 አይዛክሰንና ባልደረቦቹ ብሎኑ ላይ የኃይል መለኪያ ገጥመው አንድ ዙር ሲዞር ከ3 እስከ 10 ፓውንድ የሚደርስ ግፊት እንደሚፈጠር አሳዩ። ዙሮቹ ሲደጋገሙ ግፊቱ ይጠራቀማል። ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ዋነኛው እምቢታ ከላንቃው ስፌት የሚመጣ አይደለም፤ የላይ መንጋጋ ከጉንጭ አጥንትና ከሌሎች የፊት አጥንቶች ጋር ከሚገናኝባቸው ቦታዎች የሚመጣ ነው። ይህ የማክኩዊለን መከራከሪያ ነው። አዘጋጁ እንቅፋቱ የት እንዳለ በትክክል ጠቁሞ ነበር፤ ያልገመተው የዘላቂ ግፊትን አቅም ነው።

የሃስ መሣሪያ ላንቃውን የሚጫን የአክሪሊክ ሰሌዳ ነበረው። ምግብ ሥሩ እየገባ ድዱን ስለሚያስቆጣ ቢደርማን በ1968 ሰሌዳውን አውጥቶ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራውን አስተዋወቀ። በእጄ ያለው የዚያ ዝርያ ነው። ስሙ ሃይራክስ ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ያው ቃል ሽኮኮ ማለት ስለሆነ ተማሪዎቼ የሽኮኮው መሣሪያ ይሉታል። በእውነቱ ስሙ «ንጽሕናው የተጠበቀ ፈጣን ማስፊያ» ከሚሉት ቃላት የተቆረጠ ነው። አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። ቤት ውስጥ ወላጅ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በትንሽ ቁልፍ ያዞራል፤ እያንዳንዱ ዙር አንድ አራተኛ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጥቂት ሳምንታት ይበቃሉ። ከዚያ ብሎኑ ተቆልፎ አጥንቱ እስኪሞላ ለወራት ይቆያል። ይህን የመጨረሻ ክፍል ብዙዎች ያቃልሉታል፤ ነገር ግን ቶሎ ከወለቀ የተከፈተው ይዘጋል። በጥቂቱም ከሚፈለገው በላይ ማስፋት የተለመደው ለዚህ ነው።

ዝግ ያለው መንገድስ? የኮፊን ሽቦ በሮበርት ሪኬትስ እጅ አራት ጥምዝ ተጨምሮበት ኳድ ሄሊክስ ሆነ፤ ከመንጋጋ ጥርሶች ጋር ተጣብቆ ለወራት በለስላሳ ኃይል ይገፋል። ወላጅ የሚያዞረው ቁልፍ የለውም። ልጁ የሚያወልቀውም አይደለም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትልቅ ነው። በስዊድን ፔትሬንና ቦንደማርክ በ2008 ባሳተሙት ጥናት 60 ሕፃናትን በዕጣ ለአራት ቡድን ከፈሉ። ኳድ ሄሊክስ የተደረገላቸው 15ቱም ክሮስባይታቸው ታረመ፤ ተነቃይ ሰሌዳ ከተሰጣቸው የታረመው ከሦስት ሁለቱ እጅ ነው። ሰሌዳው መሥራት አቅቶት አይደለም፤ በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሰሌዳ ምንም አያሰፋም። የኮክሬን ግምገማዎችም በዚህ ዕድሜ ላሉ ሕፃናት ኳድ ሄሊክስ ከተነቃይ ሰሌዳ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ ያሳያሉ። አቅም ውስን በሆነበት ክሊኒክ፣ በሽተኛው ከሩቅ ገጠር በሚመጣበት አገር ለምትሠሩ ተማሪዎች ይህን ደግሜ እነግራችኋለሁ፤ የሚጠፋ ዕቃ አትስጡ።

ታዲያ እስከ ስንት ዓመት? በኮፐንሃገን አርኔ ብዮርክ በሕፃናት መንጋጋ ውስጥ ጥቃቅን የብረት ምልክቶች ተክሎ ለዓመታት በኤክስሬይ ተከታተለ፤ ላንቃው በስፌቱ በኩል እስከ ጉርምስና በስፋት እንደሚያድግ ታወቀ። ቢርቴ ሜልሰን በ1975 ከአስከሬን የተወሰዱ ላንቃዎችን በአጉሊ መነጽር መርምራ ስፌቱ በሕፃንነት ሰፊ፣ ቀጥሎ ጠመዝማዛ፣ በጉርምስና የተቆላለፈ መሆኑን አሳየች። እስከዚህ ድረስ ሥርዓት ያለው ይመስላል። ነገር ግን ፔርሶንና ቲላንደር በ1977 ከ15 እስከ 35 ዓመት ያሉ ሰዎችን ስፌት ሲመረምሩ በአንዲት የ15 ዓመት ልጅ መገጣጠም ጀምሮ አገኙት፤ በአንዲት የ27 ዓመት ሴት ግን ምልክቱም አልነበረም። ስለዚህ የልደት ቀን ብቻውን አይበቃም። ከ2013 ወዲህ አንጀሊየሪና ባልደረቦቿ በሦስት አቅጣጫ በሚያሳይ የኮምፒውተር ኤክስሬይ ስፌቱን በአምስት ደረጃ ከፍለውታል። ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ለ8 ዓመት ሕፃን ያን ሁሉ ጨረር ማዘዝ አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ በዚያ ዕድሜ መልሱ ስለሚታወቅ። ስፌቱ ለተዘጋባቸው ትልልቆች ብራውን በ1938 በቀዶ ሕክምና የታገዘ ማስፋትን ገልጿል፤ ከ2010 ወዲህ ደግሞ ከኮሪያ የተነሣው፣ በላንቃ አጥንት ላይ በትናንሽ ብሎኖች የሚታሰር መሣሪያ ተስፋፍቷል። ይህ ለሌላ ቀን ይቆይ።

አሁን ወዳቆየሁት የትንፋሽ ነገር ልመለስ፤ ዛሬ ወላጆች የሚጎዱበት ይህ ነውና። በ2004 ፒሬሊና ባልደረቦቿ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው የሚቋረጥባቸውን 31 ሕፃናት ላንቃ አስፍተው፣ በሰዓት በአማካይ 12.2 የነበረው የመቋረጥ ቁጥር ከ1 በታች እንደ ወረደ ዘገቡ። ውጤቱ አስደናቂ ነው። ከጎኑ ግን ሕክምናው ያልተደረገለት መመሳከሪያ ቡድን አልነበረም፤ የሕፃናት የእንቅልፍ ችግር በዕድሜ በራሱ የሚሻልበት ጊዜም ብዙ ነው። እንግሊዛዊው ዶናልድ ቲምስም በ1990 ላንቃቸው የሰፋላቸው ሕፃናት አልጋ ማርጠብ ተዉ ብሎ ጽፎ ነበር። ልጅ ያሳደገ ሁሉ አልጋ ማርጠብ በጊዜ እንደሚቆም ያውቃል። የአሜሪካ የኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር በ2019 ባወጣው ሰነድ ማስፋት ተገቢ የሚሆነው የላንቃ መጥበብ በእርግጥ ሲኖር እንደሆነ፣ የወደፊትን የእንቅልፍ በሽታ ለመከላከል ተብሎ መደረግ እንደሌለበት ገልጿል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ላንቃው ጠባብ ለሆነ ልጅ ትንፋሽ ቢሻሻል እሰየው፤ ላንቃው ልክ ለሆነ ልጅ ግን በትንፋሽ፣ በትምህርት ውጤት ወይም በጠባይ ስም ብሎን መሸጥ የለበትም።

አንጄል በአንድ በሽተኛ ሲደመድም ማክኩዊለን ጠየቀው። ለእነዚህ የዛሬ ተስፋዎች ጠያቂው ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ከእናንተ መካከል ቢሆን ደስ ይለኛል። ለእናቲቱም መልስ አለብኝ። «አዎ እመቤቴ፣ አጥንቷ ይከፈታል፤ የሚከፈተው ግን ገና ባልተዘጋ በር በኩል ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት የፊት ጥርሷ ይራራቃል፣ አትደንግጪ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ግን አደራ።»

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። መሣሪያውን በጂፕስ ሞዴል ላይ ገጥሜ ከፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ቁልፉም አብሮት አለ። ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከማለፋችን በፊት መጥታችሁ አንድ አንድ ዙር አዙሩት።